ከፊደል ነጥብ እስከ ከዋክብት

ይህን መጽሔት የያዘ አንባቢ ከገጹ ላይ አንዲት ፊደል፣ «ሀ»ንም ሆነ «ጸ»ን፣ መርጦ በማስመሪያ ቢለካት፣ ቁመቷ በሁለት ጭረቶች መካከል ቀርቶበት «ሁለት ሚሊሜትር ልበል ወይስ ሦስት?» እያለ ማመንታቱ አይቀርም። ማተሚያ ቤት ግን ማመንታት አይወድም፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ በእጅ እየተለቀመ በሚደረደርበት ዘመን፣ የአንዲቱ ፊደል አካል ከጎረቤቷ በጸጉር ያህል ቢበልጥ መስመሩ ይወላገድ፣ ገጹም አልጠብቅ ብሎ ይላላ ነበርና፣ የሙያው ሰዎች ከሚሊሜትር የረቀቀ መስፈሪያ ፈልገው ነጥብ አሉት፤ ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ «ባለ 12 ፖይንት» ሲባል የሚሰማው እርሱ ነው።

ይህን መስፈሪያ በሥርዓት ያቆመው ፒየር ሲሞን ፉርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፊደል ቀራጭ ሲሆን፣ ሠንጠረዡን ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ1737 ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ፍራንስዋ አምብሩዋዝ ዲዶ ነጥብን ከፈረንሳይ ንጉሥ ጫማ ጋር አስማምቶ የዚያው ኢንች 72ኛ እጅ አደረገው፤ የንጉሡ ጫማ ከእንግሊዝ ጫማ ይረዝም ስለነበር የዲዶ ነጥብ 0.376 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። አሜሪካውያን ፊደል አፍሳሾች በ1886 ተስማምተው 0.3515 ሚሊሜትር የሚያህል የራሳቸውን ቆረጡ፤ ኮምፒዩተር በበኩሉ የእንግሊዝን ኢንች 72ኛ እጅ፣ ማለት 0.3528 ሚሊሜትርን፣ ያዘ። እንግዲህ ስሙ አንድ፣ ልኩ ግን ሦስት ነው።

አሁን ከዚህ ረቂቅ መስፈሪያ ወደ ግዙፉ እንሻገር። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ፍጥነት ለ365 ቀን ከሩብ ሲባዛ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎሜትር የሚሆን ርቀት ይወጣል፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የብርሃን ዓመት የሚሉት ይህንኑ ነው። በአንድ ሜትር ውስጥ ደግሞ 2,834.65 ያህል የኮምፒዩተር ነጥቦች ስላሉ፣ የብርሃን ዓመትን በነጥብ ለመቍጠር አንዲት ማባዛት ብቻ ትበቃለች፤ ውጤቱም 268 ተጽፎ 17 ዜሮ የሚከተለው ቍጥር ነው። ማባዛቱን ተማሪም ይሠራዋል። ጣጣው ያለው «የማን ነጥብ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

በአሜሪካኑና በኮምፒዩተሩ ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊሜትር ሺሕ እጅ አንድ ከምናምን ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ቢሆን ዐይን ቀርቶ አጉሊ መነጽርም በወጉ አይለየውም። ነገር ግን ከላይ ያገኘነውን ቍጥር ወስዶ በስሕተት በአሜሪካኑ ነጥብ የመነዘረ ሰው፣ ከብርሃን ዓመቱ ላይ 35 ቢሊዮን ኪሎሜትር ያጎድላል፤ ይህም ከፀሐይ እስከ ኔፕቱን ያለውን ርቀት ስምንት ጊዜ ያህል መጣል ማለት ነው።

መንገዱን ገልብጠን ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን 149.6 ሚሊዮን ኪሎሜትር በአንዲት ነጥብ ብንወክለውስ? ኔፕቱን ከፀሐይ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ያርፋል። የብርሃን ዓመት 22.3 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ፀሐይን 105 ሜትር በሚረዝም የእግር ኳስ ሜዳ አንደኛው የግብ መስመር ላይ አስቀምጦ ወደ ማዶ የሚራመድ ሰው፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነውን ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪን፣ የሚያገኘው ከወዲያኛው ግብ ፊት ለፊት፣ ፍጹም ቅጣት ምት ከሚመታበት ነጥብ አጠገብ ነው። በመካከሉ ያለው ሣር ሁሉ ባዶ ጠፈር ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ግን ሜዳው አይበቃውም፤ በዚህ ልክ እንኳ የምድርን ወገብ አንድ ጊዜ ዞሮ የሚያልፍ 56,000 ኪሎሜትር ያህል ይጠይቃል።

በሜትር ዘንግ ለክቶ ከዋክብት ዘንድ የደረሰ ሰው የለም፤ የተደረሰው በማዕዘን ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር ቀረብ ያለው ኮከብ ከኋላው ካሉት አንጻር ወዲያና ወዲህ የሚል ይመስላል፤ የዚህ ውዝዋዜ እኩሌታ አንድ ሰከንድ፣ ማለት የዲግሪ 3,600ኛ እጅ፣ ቢሆን የኮከቡ ርቀት ፓርሴክ ይባላል። ሰከንድ በላቲኑ «ሁለተኛ» ማለት ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው ለሁለተኛ ጊዜ በስልሳ ከመከፈሉ የተነሣ ነው። የእኛም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስንም በ60 ከፍለው የሚወጣውን ካልዒት፣ ማለት ሁለተኛይቱ፣ ብለውታል፤ የእነርሱ ካልዒት የጊዜ ስለሆነች በሰዓታችን 24 ሰከንድ ትሆናለች እንጂ አከፋፈሉስ አንድ ነው።

በዚያው ሜዳ ላይ ፓርሴክ 73 ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት አንድ ወዳጃችን በወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ጽፎ በግብ መስመሩ ላይ ቢይዝልንና እኛ 73 ሜትር ርቀን ብንቆም፣ ነጥቢቱ በዐይናችን ፊት የምትይዘው ስፋት አንድ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ ዐይን ግን አያያትም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ፍሪድሪክ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1838 የ61 ሲግኒን ኮከብ ርቀት ባሳወቀ ጊዜ የለካው ማዕዘን 0.314 ሰከንድ ነበር፤ ወዳጃችን ይህን እንዲያሳየን ከፈለግን፣ እኛ ሜዳውን ለቀን፣ አጥሩንም አልፈን፣ ከወረቀቱ 232 ሜትር መራቅ አለብን።