ወናፍ፦ ለሞተር አየር አወሳሰድ የቀረበ የሥያሜ ሐሳብ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ የጭነት መኪና 75 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው መንገድ ላይ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ኢተያን አልፎ ወደ ቁሉምሳ ሲቃረብ አንዳንዱ ጥቁር ጢስ እየተፋ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሌላው ግን ያለ ብዙ ድካም ያልፋል። ሹፌሩ ልዩነቱን «ይኼኛው ቱርቦ አለው» በማለት ይደመድመዋል። ቃሉ ተለምዷል፤ ሥራውን ግን አይገልጽም። ስም ሥራውን ሲሰውር ጉዳቱ ከቋንቋው አልፎ ለንብረትም እንደሚተርፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ የሞተሩን ጠባይ እንመልከት። በባለ አራት ምት ሞተር የመጀመሪያው ምት አየር የሚገባበት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በውጭ ያለው አየርም በተከፈተው ቫልቭ ተገፍቶ ይገባል። በተለምዶ «ሞተሩ አየር ይስባል» ይባላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሞተሩ ባዶ ቦታ ያዘጋጃል እንጂ የሚገፋው ከባቢ አየር ነው። ስለዚህ የሚገባው አየር መጠን በከባቢው ግፊት ይወሰናል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በቆጂ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የአርሲ ሯጮች ደም ከሳሳው አየር ጋር ራሱን ያስማማል፤ ሞተር ግን ይህ ተሰጥዎ የለውም። አየሩ ጎድሎ ነዳጁ ካልተቀነሰ፣ ናፍጣው በሙሉ ሳይቃጠል በማርሚታ በኩል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ከሞተሩም ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ይታጣል።

መፍትሔው አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሩ መግፋት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው አየር ገፊውን ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ወይም በጥርስ አያይዞ ማዞር ነው፤ ወዲያው ይሠራል፣ ነገር ግን ከሞተሩ ኃይል ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ ያለዚያ በከንቱ የሚወጣውን የጢስ ግፊት ተጠቅሞ ማዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ይህንኑ መሣሪያ በአንድ የአውሮፕላን ሞተር ላይ ገጥሞ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ሞከረው፤ በከፍታው የተነሣ የተዳከመው ሞተርም ጉልበቱ ተመለሰለት።

ወደ ሥያሜው ስንመለስ፣ «በተፈጥሮ የሚተነፍስ ሞተር» የሚለው ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። «ሳቢ ሞተር» የሚለውም ከላይ የጠቀስነውን ስሕተት ያጸናል። «ቱርቦ» በላቲን ዐውሎ ወይም እንዝርት መሰል ተሽከርካሪ ማለት ስለሆነ፣ መዞሩን እንጂ አየር መግፋቱን አይናገርም። በአገራችን ግን አየርን ገፍቶ እሳትን የማበርታት ሥራ ከጥንት ጀምሮ ስም አለው፤ ይኸውም የአንጥረኛው ወናፍ ነው። ወናፍ በትንፋሽ በትንፋሽ ይሠራል፣ ይህ ግን ሳያቋርጥ ይገፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም አንጥረኛው ሁለት የቆዳ ከረጢቶችን በየተራ የሚጫነው ነፋሱ እንዳይቋረጥ አይደለምን?

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

ወናፍ አልባ ሞተር — አየር በከባቢው ግፊት ብቻ የሚገባበት ሞተር።

ባለ ወናፍ ሞተር — አየር ታምቆ የሚገፋበት ሞተር።

ቺንጋ መር ወናፍ — ኃይሉን ከሞተሩ ዙሪት የሚያገኝ አየር ገፊ።

ጢስ መር ወናፍ — በጢስ ግፊት የሚዞር አየር ገፊ፤ በተለምዶ ቱርቦ።

«መር» የሚለው ቅጥያ «ገበያ መር» እንደሚለው ያለ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ጢስ መር ወናፍ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ዘንጉንም የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው የሞተሩ ዘይት ነው። ሹፌሩ ዳገቱን እንደ ጨረሰ ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ ዘይቱ ይቆማል፤ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረውም ያርራል፣ ኩሽኔታው ይጎዳል። በጢስ የሚዞር ወናፍ መሆኑን በስሙ ያወቀ ሰው ግን እሳት የነካው ነገር ማረፊያ እንደሚያሻው ይገነዘባል፤ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ አሠርቶ ያጠፋል። እንዲሁም ወናፍ አልባ ትራክተር በደጋ ሲጨስ ያየ ገበሬ፣ ፖምፓውን ከማስፈታቱ በፊት የነዳጁ መጠን ከአየሩ ጋር መመጣጠኑን ይጠይቃል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዘመናዊ እርሻን ባስፋፋበት በአርሲ ደጋ ይህ የጥቂቶች ጥያቄ አይደለም።

«ቱርቦ» ከጋራዥ ይጥፋ አንልም፤ ልማድ በአዋጅ አይሻርም። በማስተማሪያ መጻሕፍትና በመዝገበ ቃላት ግን ከጎኑ ወናፍ ይቁም። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው፣ በተለይም የሙያው ባለቤቶች፣ ቢያቀርቡልን በደስታ እንቀበላለን።