የበርጋ ጨፌና ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል

ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በጨፌ ሣር ውስጥ ለውስጥ እየተሽሎከለከ የሚኖር የረግረግ ወፍ ነው። የወንዱ ራስና አንገት ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ስሙን ያሰጠው ነጭ ላባ የሚታየው ሲበር ነው፤ እሱ ደግሞ መብረር አይወድም። ሰው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ከመሬት ተለጥፎ ይቆይና ድንገት ብድግ ይላል። እግሮቹን አንጠልጥሎ ሣሩን እየታከከ ጥቂት ሜትር ይሄድና ተመልሶ ጥልቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለማስነሣት መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

ወፉ ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ነው። ዛሬ በመደበኛነት የሚገኘው በደቡብ አፍሪካና በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ አልፎ አልፎ ታይቷል። የት እንደሚራባ ለረጅም ዘመን በውል ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ባለው የበርጋ ጨፌ እየተራባ ተገኘ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2013 እ.ኤ.አ. እጅግ አስጊ በሆነ ደረጃ ላይ ካሉት ዝርያዎች ጋር መደበው፤ ለመራባት የደረሱት ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

በርጋ ወደ አዋሽ የሚገባው የበርጋ ወንዝ በክረምት ሞልቶ የሚተኛበት ሜዳ ነው። በጋውን ከብት ሲግጠው ይከርምና ዝናቡ ሲጥል ቄጤማውና ሣሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይነሣል። ወፉ የሚመጣው ይህን ጊዜ ጠብቆ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከውሃው ጥቂት ከፍ አድርጎ ጎጆውን ይሠራል፤ በዙሪያው የበቀለውን ለምለም ሣር ጫፉን አጉብጦ እንደ ጣሪያ ስለሚከድነው ጎጆው ከላይ አይታይም። ሣሩ ካጠረ መሸሸጊያ የለም። ውሃው ከጎደለ ቀበሮውም ውሻውም እንዳሻው ይገባል፤ ከመጠን በላይ ከሞላም እንቁላሉ ይሰምጣል።

ስለዚህ የበርጋ አያያዝ ከአጥር ይልቅ የወቅት ጉዳይ ነው። ሜዳው የአካባቢው ገበሬ የግጦሽና የድርቆሽ መሬት ነው፤ ከብቱን ዓመቱን ሙሉ ከልክሎ ወፍ ማኖር አይቻልም፤ የሚያስፈልግም አይመስልም። የሚያስፈልገው ከብቱ ክረምቱ ሲገባ ከጨፌው እንዲወጣና አጨዳው ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ እንዲዘገይ ነው። ይህን ደግሞ ገበሬው በከፊል ድሮም ያውቀዋል፤ ለድርቆሽ የሚሆን ሣር የሚገኘው ክረምቱን ከከብት ከተጠበቀ ብቻ ነውና። ችግሩ የሚመጣው የግጦሽ መሬት በእርሻና በባሕር ዛፍ ተይዞ ሲጠብ፣ አንዱ ሌሊት ከብቱን ሲለቅ ሌላው እኔስ ለምን ይቅርብኝ ሲል ነው።

ለዚህ ሲባል ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በበርጋ ነዋሪዎች የተቋቋመውን የወፍ ወዳጆች ቡድን ሲደግፍ ቆይቷል። በደቡብ አፍሪካ የሚድልፑንት ረግረግን የሚጠብቀው ድርጅት ደግሞ በበርጋ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረድቷል። ወፍ ለመጠበቅ ትምህርት ቤት መሥራት አቅጣጫ የሳተ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሣሩን በጊዜው የሚያጭደውም የማያጭደውም የዚያው መንደር ሰው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ውሃ ማቆየት ነው። የላይኛው ተዳፋት ሲታረስና ሲራቆት ጎርፉ ቦረቦር ይቆፍራል፤ ቦረቦሩ ወደ ሜዳው ከገባ ጨፌውን እንደ ቦይ ያጠነፍፈዋል። የሚበጀው ቦረቦሩን ገና በትንሽነቱ በድንጋይ ክትር መግታትና ተዳፋቱን በሣር ማልበስ ነው። ጨፌን አድርቆ ለማረስ የሚቆፈር ቦይ ጉዳቱ ተመሳሳይ ሲሆን፣ አንዴ ከተቆፈረ መልሶ መድፈኑ ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ ወፉ ቀደም ብሎ የታወቀበት ቦታ ነበር፤ ዛሬ ቤትና ፋብሪካ እየተጠጋው ነው። የበርጋ ሣርና ውሃ ሲጠበቅ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይም አብሮ ይጠቀማል።

ግጦሽን በጊዜ የመገደብ ልማድ የደጋ ብቻ አይደለም። ከሞያሌ ወዲህና ወዲያ በሚዘልቀው የቦረና አገር አርብቶ አደሩ ለጥጆችና ለደካማ ከብት ሣር የሚያቆይበትን ክልክል መሬት ካሎ ይለዋል። ነገሌ ቦረና አጠገብ በሚገኘው የሊበን ሜዳ ይኸው ካሎ ሊበን ላርክ ለተባለችው ወፍ መኖሪያ ማገገሚያ ሆኗል። ላርኳ የረግረግ ሳይሆን የደረቅ ሜዳ ወፍ ናት፤ በልቅ ግጦሽ የሣሩ ቁመት ሲጠፋ ግን የሚደርስባት ከበርጋው ወፍ አይለይም።

በርጋን መጠበቅ ብቻውን ለወፉ የዓመት ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። የዘር ጥናቶች የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ወፎች እምብዛም እንደማይለያዩ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አገሮች የጥበቃ ሥራቸውን አብረው ያቅዳሉ። ደቡብ አፍሪካ የወፉ የዕረፍት አገር ብቻ ናት ይባል ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ግን በሚድልፑንት ረግረግ ውስጥ የተተከሉ ካሜራዎች ጫጩቶችን ቀረጹ። ድምፁ የትኛው እንደሆነም በእርግጠኝነት የተለየው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ለቆጠራ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሰው በሰልፍ ሣሩን እየረገጠ ወፉን ከማስነሣት ይልቅ ካሜራና መቅረጸ ድምፅ በጨፌው ተክሎ መሄድ ይቻላልና፣ በቆጠራ ሰበብ የሚሰበር እንቁላል አይኖርም።