አንደበት ሲታሰር

አፌዥያ የሚባለው የቋንቋ መታወክ የሚከሰተው ቋንቋን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራው ንፍቀ አንጎል፣ በስትሮክ፣ በአደጋ ወይም በዕጢ ሲጎዳ ነው። ሕመምተኛው ያሰበውን በቃል መግለጽ፣ የሰማውን መረዳት፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ይሳነዋል፤ ማሰብ አቁሟል ማለት ግን አይደለም፤ ይህን የማይለይ ቤተሰብ ሳያውቅ ሕመምተኛውን እጅግ ይጎዳዋል።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ፓሪስ አጠገብ በቢሴትር ሆስፒታል ያገኘው ሌቦርኝ የተባለ ሰው የሚነገረውን እየተረዳ፣ ከጥቂት የቁጣ ቃላት በቀር «ታን» ከማለት የማያልፍ ነበር፤ ከሞተ በኋላም በግራው የአንጎሉ የፊት ክፍል ጉዳት ተገኘ። በ1874 ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ የገለጻቸው ሕመምተኞች ግን አቀላጥፈው ቢናገሩም ንግግራቸው ትርጉም የራቀው ነበር፤ የሌላውንም ቃል በቅጡ አይረዱም ነበር።

ጉዳቱ እንደ ቋንቋው መልኩን ይለውጣል። የብሮካ ዓይነት አፌዥያ ያለበት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የግሡን ቅጥያ ጥሎ ባዶውን ግሥ ይናገራል፤ በእብራይስጥ ግን የቃሉ ሥር ያለ አናባቢ ስለማይነገር ተናጋሪው ቅጥያውን ከመጣል ይልቅ አንዱን ቅርጽ በሌላው ይተካል። አማርኛም «ሰበረ»ን፣ «ሰባሪ»ን እና «ስብራት»ን ከአንድ ሥር የሚያፈልቅ የሴም ቋንቋ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀን መመርመሪያ ተርጉሞ ብቻ መጠቀም የአማርኛ ተናጋሪውን ችግር በሚገባ ሊያሳይ አይችልም።

ማገገሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይፈጥናል፤ የአንጎሉ እብጠት ይቀንሳል፣ ከጉዳቱ ዙሪያ ያሉት ክፍሎችም የጠፋውን ሥራ መጋራት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ መሻሻሉ ቢዘገይም አይቆምም፤ ከዓመታት በኋላም በልምምድ ቃል የሚመለስላቸው አሉ። መናገር ያቃተው ሰው የሳምንቱን ቀናት መቁጠር፣ በልጅነቱ ያጠናውን ጸሎት መድገም ወይም መዘመር የሚችልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቦስተን ውስጥ ይፋ የሆነው የዜማ ሕክምና የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ ሕመምተኛው በግራ እጁ ምት እየጠበቀ አጭር ሐረግን በከፍታና በዝቅታ ድምፅ ያዜማል፣ ዜማው ቀስ በቀስ ወደ ተራ ንግግር እንዲመለስም ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የቀድሞዋ አሜሪካዊት የምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስም በማገገሟ ወቅት በዜማ ታግዛለች።

ከባለሙያው ባልተናነሰ የሚያስፈልገው የቤት ሰው ትዕግሥት ነው፦ አጭር ጥያቄ መጠየቅ፣ «አዎ» ወይም «አይ» በሚያስመልስ መንገድ ማቅረብ፣ ወረቀትና እርሳስ አጠገብ ማኖር፣ ከሁሉም በላይ ሕመምተኛው የጀመረውን ቃል ሳይነጥቁት እስኪጨርስ ድረስ መጠበቅ።