ወንበሩ የጳጳሱ፣ ቁልፉ የዲኑ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1952 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ስለ አንድ ቄስ ለመነጋገር ተሰበሰበ። ቄሱ የካንተርበሪ ካቴድራል ዲን ሂውሌት ጆንሰን ነበሩ። ከቻይና ሲመለሱ አሜሪካ በኮሪያ ጦርነት የጀርም መሣሪያ ተጠቅማለች ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ከዚያ በፊትም ሶቭየት ኅብረትን ሲያወድሱ የኖሩ፣ የስታሊንን የሰላም ሽልማት የተቀበሉ ሰው ስለሆኑ ጋዜጦች «ቀዩ ዲን» ይሏቸው ነበር። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር በምክር ቤቱ ተነሥተው የዲኑን ንግግር ነቀፉ፤ ሆኖም ከሹመታቸው የሚያወርድ ሕግ አለመኖሩን አስረዱ። በ1931 የተሾሙት ጆንሰን እስከ 1963 ድረስ በቦታቸው ቆዩ።

የካንተርበሪ ካቴድራል የሊቀ ጳጳሱ መንበር ያለበት ቤት ነው። ታዲያ የመንበሩ ባለቤት የቤቱን አለቃ ማዘዝ እንዴት ተሳነው? መልሱ ያለው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረው የዲንነት ሹመት ታሪክ ውስጥ ነው። ይህ ሹመት ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ምክንያቱን ኋላ እናየዋለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዲኑ ወገን

ጳጳስ ሀገረ ስብከቱን ሲዞር የሚውል ሰው ነው። በካቴድራሉ ግን ጸሎቱ በየዕለቱ መድረስ፣ መዘምራኑ መማር፣ ጣሪያው መጠገን፣ የርስቱ ገቢ መሰብሰብ አለበት። ይህን ሁሉ የሚመራው ካህን ዲን ይባላል። ብቻውን ግን አይወስንም፤ ካኖን ከሚባሉ ካህናት ጋር ይመክራል። ዲኑና ካኖናቱ አንድ ላይ «ቻፕተር» የተባለውን ጉባኤ ይመሠርታሉ። በሕግ ፊት ንብረቱ የዚህ ጉባኤ እንጂ የጳጳሱ አልነበረም፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሥርዓቱ መልክ የያዘው ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ ነው። በሶልዝበሪው ጳጳስ በኦዝመንድ ስም የሚጠራውና ከ1091 ጋር የሚያያዘው ደንብ አራት ሹማምንትን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ዲኑ ነው። ሁለተኛው ዜማውን የሚመራው ፕሪሴንተር፣ ሦስተኛው ትምህርቱንና ደብዳቤውን የሚይዘው ቻንስለር፣ አራተኛው ንዋያተ ቅድሳቱን የሚጠብቀው ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። አራቱ የሚቀመጡት በመዘምራኑ ስፍራ በአራቱ ማዕዘን ነበር። ከምዕራብ ገብቶ ወደ መሠዊያው ለሚመለከት ሰው በስተቀኝ የመጀመሪያው መቀመጫ የዲኑ፣ በስተግራ ያለው የፕሪሴንተሩ ነው። መዘምራኑም በዚሁ መሠረት ለሁለት ይከፈላሉ፤ በደቡብ በኩል የሚቆሙት የዲኑ ወገን፣ በሰሜን ያሉት የፕሪሴንተሩ ወገን ይባላሉ። በእኛ ማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገን ለይተው እንደሚመሩት ማለት ነው። ዛሬም የእንግሊዝ ካቴድራል መዘምራን በያዙት የዜማ ወረቀት ላይ የትኛው ወገን የትኛውን ስንኝ እንደሚያነሣ በእነዚህ ሁለት ሹመቶች ስም ምልክት ተደርጎበት ይገኛል።

ሊንከን፦ የጠቡ ቤት

በጳጳስና በዲን መካከል ያለው ድንበር እንዴት እንደተሰመረ ማየት ለሚፈልግ ከሊንከን ካቴድራል የተሻለ ቦታ የለም። በ1235 የተሾሙት ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴት በዘመናቸው ስማቸው የገነነ ሊቅ ነበሩ። በሀገረ ስብከታቸው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት እየዞሩ ሲመረምሩ ቆይተው በ1239 ወደ ራሳቸው ካቴድራል ዞሩ። ዲኑና ካኖናቱ «እኛን የመመርመር ሥልጣን የለህም» ብለው በሩን ዘጉ። ጳጳሱ ዲኑን ሻሩ፤ ካኖናቱ ይግባኝ አሉ፤ ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጅቶ ጳጳሳዊው ችሎት ዘንድ ደረሰ። በ1245 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 4ኛ ለግሮስቴት ፈረዱ። ጳጳስ መጥቶ የመመርመር መብት አገኘ፤ የዕለት አስተዳደሩ ግን እዚያው በዲኑና በካኖናቱ እጅ ቀረ።

ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ጠቡ በቤቱ ውስጥ ፈነዳ። ዲን ጆን ማክዎርዝ ከገዛ ካኖኖቻቸው ጋር ተጣልተው በ1435 የዲኑ ሰዎች ቻንስለሩን በማታው ጸሎት ላይ እንዳለ በመዘምራኑ ስፍራ ደበደቡት። ጳጳስ ዊልያም አልንዊክ ሽማግሌ ሆነው ገቡና በ1439 የማንን መብት ከማን የሚለይ ዝርዝር ብይን ሰጡ። ካቴድራሉ በዚያ ብይን ለብዙ ትውልድ ተዳደረ።

ንጉሡ ሲገባ

በመካከለኛው ዘመን ዲን የነበራቸው የእንግሊዝ ካቴድራሎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ካንተርበሪን፣ ደርሃምንና ዊንቸስተርን የመሳሰሉት የገዳም ካቴድራሎች ስለነበሩ የሚመሯቸው መነኮሳት ነበሩ። ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ሲዘጋ እነዚህ ካቴድራሎች ያለ አስተዳደር ቀሩ። ንጉሡ ዲንና ካኖናት ሾሞ እንደ አዲስ መሠረታቸው። በደርሃም የመጨረሻው የመነኮሳት አለቃ ሂው ኋይትሄድ በ1541 የመጀመሪያው ዲን ሆኑ፤ ሰውየውም ቤቱም ያው፣ ሹመቱ ግን ሌላ። በካንተርበሪ የተሾሙት ኒኮላስ ዎተን ዲፕሎማት ነበሩ። ከ1544 ጀምሮ የዮርክን ዲንነት ደርበው ይዘው፣ በአራት ነገሥታት ዘመን በውጭ አገር ለመንግሥት ሲላላኩ ኖሩ። ዲንነት ለታመነ የመንግሥት ሰው የሚሰጥ ሽልማት መሆኑ በዚህ ጊዜ ጎልቶ ታየ።

ዘውዱ ዲንን ሲሾም ዲኑም ለዘውዱ የሚፈጽመው አንድ ከባድ ግዴታ ነበረበት። በሕግ ጳጳስን የሚመርጡት ዲንና ቻፕተር ነበሩ። ነገር ግን በ1534 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ንጉሡ የምርጫውን ፈቃድ ሲልክ የሚመረጠውን ሰው ስም የያዘ ደብዳቤም አብሮ ይልካል። ያንን ስም ያልመረጠ ንብረቱን ተወርሶ ሊታሰር ይችል ነበር። በ1847 የሄርፎርዱ ዲን ጆን ሜሪዌዘር ይህን ፈተኑት። ለጳጳስነት የታጩትን የሬን ሃምፕደንን ትምህርተ ሃይማኖት ስለተጠራጠሩ ድምፅ እንደማይሰጧቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ጆን ራስል ረጅም ደብዳቤ ጻፉ። የራስል መልስ በጣም አጭር ነበር፤ ሕግ ለመጣስ ማሰብዎን የገለጹበት ደብዳቤ ደርሶኛል ከማለት አላለፈም። ሜሪዌዘር በምርጫው ቀን ቃላቸውን ጠብቀው ተቃወሙ። ሃምፕደን በብዙኃኑ ድምፅ ጳጳስ ሆኑ፤ ዲኑ ግን አልታሰሩም፣ ከሹመታቸውም አልወረዱም።

የዲንነት ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዲን አንዴ ከተሾመ በሕግ ካልተፈረደበት በቀር ማንም አያወርደውም ነበር፤ በዕድሜ የሚያስወጣው የ70 ዓመት ገደብም የመጣው ገና በ1975 ነው። ይህ መተማመኛ ሰነፉን ቢያቅፍም ለሌላው የማሰብ ነፃነት ሰጠ። ጆን ኮሌት በለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዲን ሳሉ በ1509 እስከ ዛሬ ያለውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ገጣሚው ጆን ደን ከ1621 እስከ 1631 በዚያው ካቴድራል ዲን ሆነው የሰበኳቸው ስብከቶች በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ቦታ አላቸው። ደን በመግነዝ ተጠቅልለው ቆመው የሚያሳየው የእብነ በረድ ሐውልታቸው በ1666 የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ከተረፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ሐውልቱ በቆመበት ማሰሮ ላይ እሳቱ የለበለበው ጠባሳ እስካሁን ይታያል።

ሹመቱ ራሱም ከጥፋት ተርፏል። ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ በተገደለበት በ1649 ፓርላማው ዲንና ቻፕተርን ሽሮ መሬታቸውን ሸጠ፤ የተመለሱት ዘውዱ በተመለሰበት በ1660 ነው። በ1840 ደግሞ ሌላ ዓይነት ማዕበል መጣ። ካቴድራሎች ብዙ ርስት ይዘው ጥቂት ሥራ ይሠራሉ የሚል ቁጣ ተነሥቶ ፓርላማው አብዛኞቹ ካቴድራሎች ከአራት የማይበልጡ ነዋሪ ካኖናት እንዲኖሯቸው አደረገ። የተረፈው ገቢ ካህን ወዳጡ አጥቢያዎች እንዲሄድ ተደነገገ። ቁጣው እውነት ነበረው፤ ብዙ ከተሞች በፋብሪካ ሠራተኛ ሲጨናነቁ የካቴድራሉ ገንዘብ ለጥቂቶች መጦሪያ ሆኖ ነበርና።

የተከፈተው በር

ካቴድራልን ሕዝብ የሚገባበት ቤት ያደረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ ዲኖች ናቸው። በ1920 የቼስተር ዲን የሆኑት ፍራንክ ቤኔት የመግቢያ ክፍያውን አስቀርተው በሩን ለመንገደኛው ሁሉ ከፈቱ። ጆርጅ ቤል በካንተርበሪ ዲን ሳሉ በ1927 የካቴድራሉን ወዳጆች ማኅበር መሠረቱ፤ ምእመናን ለሕንፃው ጥገና የሚያዋጡበት ይህ ሐሳብ ወደ ሌሎች ካቴድራሎች ተዛመተ። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በእሳት ሲደበድቡ የቅዱስ ጳውሎስ ዲን ዋልተር ማቲውስ ጣሪያውን ሌሊት ሌሊት ከሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ጋር አብረው ተሰልፈዋል።

ነፃነቱ ግን ተጠያቂነት ሲጎድለው ያስከፍላል። ሊንከን በ1988 የማግና ካርታ ቅጂውን ብሪዝበን ወደተካሄደው የዓለም ኤክስፖ ልኮ ከስሮ ተመለሰ፤ ከዚያ የተነሣው የውስጥ ጠብ ለዓመታት በጋዜጣ ተወራ። በ1999 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ የካቴድራሎችን አስተዳደር አሻሻለ፤ ፕሮቮስት ይባሉ የነበሩት የአዳዲስ ካቴድራሎች አለቆችም ዲን ተባሉ። በ2016 የፒተርቦሮ ካቴድራል የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገባ። የ2021 ሕግ ካቴድራሎችን በበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪው ሥር አስገብቶ ከቻፕተሩ አባላት አብዛኞቹ በካቴድራሉ የዕለት ሥራ የሌላቸው እንዲሆኑ አዘዘ። ጉባኤውን የሚመራው ግን አሁንም ዲኑ ነው።

በሹመቱ ላይ ያለው ሸክምም አልቀለለም። በጥቅምት 2011 የፋይናንስ ሥርዓቱን የሚቃወሙ ሰዎች በቅዱስ ጳውሎስ ደጅ ድንኳን ሲተክሉ ካቴድራሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ በኃይል ይነሡ ወይስ ይቆዩ በሚለው ክርክር መካከል ዲኑ ሹመታቸውን ለቀቁ። የሹመቱ በር ለሴቶች የተከፈተውም በዚሁ ዘመን ነው፤ ቪቪየን ፎል በ2000 በሌስተር የአንድ የእንግሊዝ ካቴድራል የመጀመሪያዋ ሴት አለቃ ሆኑ፣ በ2012 ደግሞ የዮርክ ዲን።

ለእኛ የቀረበው ጉዳይ

ዌስትሚንስተር አቢ ዛሬ ካቴድራል አይደለም፤ ከ1540 እስከ 1550 ግን ነበር። ዲን የተሾመለትም በዚያ ጊዜ ነው። አሁን ከጳጳስ ሥልጣን ውጭ ሆኖ በቀጥታ ለዘውዱ ተጠሪ ሲሆን አስተዳዳሪዎቹ ዲንና ቻፕተር ናቸው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ አንድ ታቦት የሚገኘው በዚህ ቤት መሠዊያ ውስጥ ነው። በ2024 ዲንና ቻፕተሩ ታቦቱን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ተገቢ እንደሆነ በመርህ ደረጃ መወሰናቸው ተገልጿል። የልዑል ዓለማየሁ ዐፅም ያረፈበት የዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎትም በዲንና በካኖናት የሚተዳደር ነው። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ዐፅሙን ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ እንደማይቀበል ሲያስታውቅ የእነርሱን አቋም ጠቅሷል።

እንግዲህ ስለ መቅደላ ቅርስ የሚሟገት ኢትዮጵያዊ ጥያቄውን ለመንግሥትና ለሙዚየም ብቻ ቢያቀርብ አይበቃውም። በእነዚህ ሁለት ቤቶች የውሳኔው ጠረጴዛ ላይ ዲን አለ። ሊቀ ጳጳስ ሊያዘው ያልቻለው ይህ ሹመት ትክክለኛውን ነገር ለማድረግም የሌላ ሰው ትእዛዝ አይጠብቅም። ሜሪዌዘር በጠቅላይ ሚኒስትር ፊት ኅሊናቸውን ተከትለው ድምፅ የነሡት በዚሁ ነፃነት ነው። ታቦቱን ለመመለስ የመከሩትም በዚሁ ነፃነት ተጠቅመዋል፤ የጀመሩትን እንዲጨርሱ በስማቸው ጠርቶ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።