አዲሷ ሞተር ለምን ትነዘንዛለች?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚወጣ ሠራተኛ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ዋናው አስፋልት ከደንበጫ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከዚያ አፈር፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። የግብርና ባለሙያውም ሆነ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

እነዚህ ሰዎች ለዓመታት የለመዱት ቁልፍ አዙሮ፣ በእግር መትቶ መሄድን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ 100፣ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራውና በግራም በቀኝም መቆሚያ ያለው፣ የሚነሳው በእግር ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ግን ዝም ብለው አይነሱም። ጢጥ ጢጥ ይላሉ፣ ቀይ ምልክት ያበራሉ፣ ሲብስባቸውም ጭራሽ አንነሳም ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህ ንዝንዝ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣና እንዴት እንደሚለመድ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩን እንድመረምር ያደረገኝ የጤና ባለሙያ የሆነው አጎቴ ነው። አዲስ ሞተር ከተሰጠው ወዲህ "ይቺ እኮ ሞተር አይደለችም፣ አማት ናት" እያለ ያማርራል። ቡሬ ውስጥ ያገኘው አንድ መካኒክ ደግሞ "ጋሼ፣ ይቺን ሽቦ ቆርጬ ከዚቺ ጋር ላገናኝልዎት፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አትልም" ብሎታል። አጎቴም የእንግሊዝኛውን መመሪያ መጽሐፍ ሰጠኝና "አንተ ተማሪው፣ እስቲ አንብብና ንገረኝ፤ ላስቆርጠው ወይስ ልተወው?" አለኝ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሰው እግር፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት አለበት።

እንዳንደናገር፣ ሞተር ስል መላዋን ሞተር ሳይክል፣ ኢንጅን ስል የሚያጓራውን ክፍል ማለቴ ነው። ሞተሯ ስትነዘንዝ ብዙ ነገር የምታውቅ ትመስላለች። እውነቱ ግን የምትጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው ወይ? (ዜሮ ከሆነ አረንጓዴ መብራት ይበራል።) ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ ተይዟል ወይ? ሦስተኛ፣ የጎን መቆሚያው፣ ማለትም ስታንዱ፣ ተነስቷል ወይ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንዲት ትንሽ ስዊች አለች።

በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ሕጉ እንዲህ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ከሆነ ስታንዱ ቢወርድም ኢንጅኑ ይነሳል። ማርሽ ከገባ ግን ኢንጅኑ የሚነሳው ስታንዱ ተነስቶ ፍሪሲዮኑም ተይዞ ሲገኝ ነው። ስታንዱ እንደወረደ ማርሽ ካስገባህ ደግሞ ኢንጅኑ ወዲያው ይጠፋል። አጎቴ "ሳልነካት ትጠፋለች" የሚለው ይህንን ነው። አንዳንዶቹ ሞተሮች ማርሹ ዜሮ ላይ እያለም ፍሪሲዮን ካልተያዘ አይነሱም። ከዚህ ሌላ በመሪው ቀኝ በኩል ቀይ ማጥፊያ አለ፤ እሱ ሳይከፈት የቱንም ያህል ቢሞከር ልፋት ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ስታንዱ ያለው በግራ በኩል ነው። ሞተር በግራ ስትታጠፍ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ወርዶ የቀረ ስታንድ ያኔ መሬት ይነካል። አንዳንዴ ራሱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሳይታጠፍ ከቀረ ግን ሞተሯን እንደ ዘንግ ያነሳትና ጎማዋ መሬቱን ይለቃል። ነጂው ከነተሳፋሪው ይወድቃል። ጠጠር መንገድ ላይ፣ ኋላ የተቀመጠች እናት ልጅ ታቅፋ ከሆነ ደግሞ ምን ሊፈጠር እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ሞተር መቆሚያ ብቻ የሚናገር መመሪያ ማውጣቱ ነገሩ እንደ ቀልድ እንዳልታየ ያሳያል። የፍሪሲዮኑም ጥያቄ ምክንያት አለው፤ ማርሽ ገብቶ እያለ የተነሳች ሞተር ወደፊት ትዘላለች። የገበያ ቀን ሰው መሃል ይህ ቢሆን ማንን እንደምትመታ አይታወቅም።

ሌላው ቅሬታ የፊት መብራቱ ነው። "በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ያደርጋል? ባትሪ ይጨርሳል" ይባላል። በአገራችን የሚነዱ ብዙ ሞተሮች የሚሠሩት ሕንድ ውስጥ ነው። ሕንድ ደግሞ ከኤፕሪል 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዳዲስ ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪዎች ኢንጅናቸው እስካለ ድረስ መብራታቸው እንዲበራ አዝዛለች። ዓላማው ነጂው እንዲያይ ሳይሆን ሌላው እሱን እንዲያየው ነው። ኢንጅኑ ሲሠራ ራሱ ኃይል ስለሚያመነጭ ባትሪ የሚያልቅበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለደኅንነት ከሆነ ሰው ለምን ይጠላዋል? እዚህ ላይ የአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር የ1974 ሞዴል አዳዲስ አውቶሞቢሎች የፊት ተቀማጮች ቀበቶ ካላሰሩ እንዳይነሱ ተደርገው እንዲሠሩ ታዘዘ። ወንበሩ ላይ ዕቃ ሲቀመጥ እንኳ መኪናው ሰው እየመሰለው አልነሳም ይል ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። አንዳንዱ ሽቦውን ነቀለ፤ ሌላው ቀበቶውን ከጀርባው አስሮ ተቀመጠበት። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ግዴታውን ሰረዘ፤ መንግሥት ከ8 ሰከንድ በላይ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ እንዳያስገድድም ደነገገ። ቀበቶ ሕይወት እንደሚያድን የተረጋገጠ ነው። ሰው የጠላው ቀበቶውን ብቻ ሳይሆን ያለቦታው የሚመጣውን ጩኸት ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንላለን፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ለሁሉም የሚጮህ ውሻም ቢሆን ጅብ ሲመጣ ማንም አይነሳለትም።

የገጠሩ ነጂ ቅሬታም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የስታንዱ ስዊች ያለችው ከታች፣ ጎማው ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ሲገባባት ስታንዱ ተነስቶም "አልተነሳም" ልትል ትችላለች። ጋራዥ በሌለበት ቀበሌ፣ የክትባት ሳጥን ተጭኖ፣ በረዶው እየቀለጠ ሞተር አልነሳም ስትል መካኒኩን መፈለግ የሚገርም አይደለም። ይህን ችግር አይቶ "ደንቆሮ ነው ሽቦ የሚያስቆርጠው" ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

ግን መድኃኒቱ መቁረጥ አይደለም። ሽቦው ከተቆረጠና ከተገናኘ ሞተሯ ለዘላለም "ስታንዱ ተነስቷል" ብላ ታምናለች። አንድ ቀን ሲረሳ አስታዋሽ የለም። ይልቅስ በጭቃ ከተሄደ በኋላ ስታንዱን በውሃ አጥቦ፣ አምስት ስድስት ጊዜ አንስቶና አውርዶ፣ ስዊቿ እንደልብ መንቀሳቀሷን ማየት ነው። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ስዊቿ ከተበላሸችም የሚለወጠው እሷ ብቻ ናት።

ንዝንዙን ለማስቆም ደግሞ ቅደም ተከተል መልመድ ይበቃል። መጀመሪያ ሞተሯ ላይ ተቀምጦ ስታንዱን ማንሳት፣ ከዚያ ቁልፍ ማዞር፣ ቀዩን ማጥፊያ ማየት፣ አረንጓዴውን መብራት ማየት፣ ፍሪሲዮን ይዞ ማስነሳት። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ከተደረገ ሞተሯ የምትናገረው ነገር ታጣለች። የገጠሩ ሰው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በቅሎ ላይ ከመውጣቱ በፊት የኮርቻውን ማሰሪያ ሳብ አድርጎ የማያይ ማን ነው? ያኔ የሚያስታውሰው እጁ ነበር፤ አሁን ጢጥታ ተጨመረበት። አጎቴም ሽቦውን አላስቆረጠም፤ ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት ለምዶታል።

ነገሩ ወደፊት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችም መታየት ጀምረዋል። እነሱ ቆመው ሳለ ድምፅ የላቸውም፤ የነዳጅ መስጫው ሳይታሰብ ቢጠመዘዝ ግን ይፈተለካሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ፍሬን ሳይያዝ ወይም ስታንዱ ሳይነሳ አይንቀሳቀሱም። እዚያ ላይ ሽቦ ማስቆረጥ ከዚህ የባሰ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ከዚህ የሚወሰድ ነገር ያለ ይመስለኛል። በየሰዓቱ "ሰበር ዜና" የሚል ጣቢያ እውነተኛው ሰበር ዜና ሲመጣ ሰሚ ያጣል። ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ምክንያቱ ለተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ ሲነገረው ነው። ሞተር ሲሰጥ ቁልፍና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ ከሚሰጥ፣ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፈው አብረው ቢሰጡ፣ ብዙ ሽቦ ሳይቆረጥ ይቀር ነበር።