የቆጠረውና የገመተው፦ ስማርት ሰዓት በድሬዳዋ ሙቀት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ፣ የድሬዳዋ ከተማ የከዚራ መንገድ የእግረኛ ነው። በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነጠላ የለበሱም ሒጃብ ያደረጉም፣ ጡረተኛውም ተማሪውም ስፖርት ጫማቸውን አጥልቀው ይራመዳሉ። አንዲት የሰፈሬ እናት ባለፈው ሰሞን እዚያው አስቆሙኝና እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንጓቸው ላይ ያሰሩትን ስማርት ሰዓት አሳዩኝ። «ልጄ ከጅዳ የላከችልኝ ነው። ትናንት 600 ካሎሪ አቃጥለሻል አለኝ። ወሩን ሙሉ እንዲሁ ሲለኝ ከረመ። ሚዛን ላይ ስወጣ ግን ያው ነኝ። አቦ፣ ሰዓቱ ነው ሚዛኑ የሚዋሸው?»

ሚዛኑ አልዋሸም። ሰዓቱም ቢሆን ያሳሳታቸው የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ድምፅ ስለሚናገር ነው። አንዳንዱን ነገር ይቆጥራል፣ አንዳንዱን ይለካል፣ ሌላውን ግን ይገምታል። ክብደቱን ለመቀነስ የሚጥር ሰው ሦስቱን ከለየ ሰዓቱ ጥሩ አጋዥ ይሆንለታል። ካደባለቃቸው ግን ድካሙ ከንቱ ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደርሰዋል። ድሬዳዋም እንደ አዲስ አበባና እንደ ሐረሪ ቁጥሩ ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ከሚልባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ከክብደቱ ጋር ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት በሽታ ሊመጣ ይችላል።

10,000 እርምጃ ከየት መጣ?

ሰዓቱን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግብ «10,000 እርምጃ» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ከላቦራቶሪ የወጣ አይደለም። ታሪኩም እኛን ይነካል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያም ሳሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ያ ኦሊምፒክ ጃፓናውያንን ለስፖርት አነሳሳ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበና «ማንፖ ኬ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ ለማስታወስ ቀላል ነበርና በዚያው ጸደቀ።

ሳይንሱ ቁጥሩን የመረመረው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 47,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተቱ 15 ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ፣ ብዙ የሚራመዱ ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ ግን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑት በቀን ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ ከ8,000 እስከ 10,000 ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። ስለዚህ 10,000 ያልሞላ ቀን የከሰረ ቀን አይደለም።

ከመስታወቱ ጀርባ

ሰዓቱ ውስጥ እንቅስቃሴን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስተውል ኢምንት ሴንሰር አለ። ስንራመድ ክንዳችን በተመሳሳይ ምት ይወዛወዛል፤ ሴንሰሩ ያንን ምት ይቆጥራል። እርምጃ የሚባለው ይኸው ነው። ቆጠራው በአብዛኛው ጥሩ ነው፤ ቢሆንም የራሱ ድክመት አለው። ሰዓቱን አስረው ቡና ቢወቅጡ ወይም ልብስ ቢያጥቡ የእጅዎን ምት እርምጃ ብሎ ሊመዘግብልዎ ይችላል። በተቃራኒው ከቀፊራ ገበያ ከባድ ዘንቢል አንጠልጥለው ሲመለሱ፣ ክንድዎ ስለማይወዛወዝ፣ የለፉበትን እርምጃ ሊነፍግዎ ይችላል።

ከጀርባው የሚያበራው አረንጓዴ ብርሃን ደግሞ የልብ ምት መለኪያ ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር በቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚሞሉ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ከዚያ መዋዠቅ የልብን ምት ያወጣል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ለእኛ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥቁር ቆዳ ላይ ስሕተቱ ከፍ እንደሚል አይተው ነበር። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት ግን በቆዳ ቀለም መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ይልቁንም ትልቁ የስሕተት ምንጭ እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱ ሲላላና ሲንሸራተት ብርሃኑ ያመልጣል። ከአንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ሳያጠብቁ ግን ሳያላሉ ማሰር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ካሎሪው ግን ግምት ነው። ሰዓቱ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ክብደትን፣ እርምጃንና የልብ ምትን አጣምሮ ለአማካይ ሰው በተሠራ ስሌት ይገምታል። የስታንፎርዱ ጥናት 60 ሰዎችን ሰባት መሣሪያ አስሮ ሲፈትን፣ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ በአማካይ 27 በመቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ 93 በመቶ ሳተ። በዚያ ላይ አንዳንዱ ሰዓት የሚያሳየው ጠቅላላ ካሎሪ ሰውነታችን ተኝተንም ቢሆን ለመተንፈስና ለመሞቅ የሚያወጣውን ይጨምራል። የእኚያ እናት 600 ካሎሪም በሙሉ በእግር ጉዞ የተገኘ ላይሆን ይችላል።

ሙቀቱና በርጫው

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ሙቀት ሲበረታ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደምን ወደ ቆዳ ይልካል፤ በላብ ውኃ ሲያልቅ ደግሞ የሚዘዋወረው ደም ይቀንሳል። ልብ ይህን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ጡንቻው ያው ሥራ ላይ ነው፤ የሚያወጣውም ጉልበት ብዙም አይለይም። ከልብ ምት ተነስቶ የሚገምተው ሰዓት ግን ልፋቱ የጨመረ ይመስለዋል። በ7 ሰዓት ፀሐይ የተሄደ መንገድ በጠዋት ከተሄደው ያው መንገድ የበለጠ ካሎሪ ሊጻፍለት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽም ላብ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል።

ጫትም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰዓቱ ፈጣን የልብ ምት ቢያሳየው ስፖርት ሠራሁ ማለት አይችልም። ጫት ፍላጎት ዘጋ ማለትም ክብደት ቀነሰ ማለት አይደለም፤ አብሮት የሚቀርበውን እንቁጠረው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ቢሆን 16 ካሎሪ ነው። ሦስት ማንኪያ የገባበት ሻይ 48፣ አምስት ብርጭቆ ደግሞ 240 ካሎሪ ይሆናል። አንድ እፍኝ የባቢሌ ለውዝ፣ 30 ግራም ቢሆን፣ 170 ካሎሪ ይጨምራል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለአንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ፣ ቁጭ ብሎ ከሚያወጣው በላይ የሚያቃጥለው 200 ካሎሪ ገደማ ነው። የጠዋቱን ጉዞ የከሰዓቱ ሻይ ብቻውን በልቶት አደረ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሰዓቱ አያየውም፤ አንጓችንን እንጂ አፋችንን አይጠብቅም።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ክብደት መቀነስ የፈለጉ 471 ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ሁሉም ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ምክር ያገኙ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ግማሾቹ እንቅስቃሴ መለኪያ ተሰጣቸው። በመጨረሻ መሣሪያውን ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ፣ ያላሰሩት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደንግጧል። ይህ ማለት ግን መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2022 ወደ 164,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች የሰበሰበ አንድ ግምገማ፣ መሣሪያዎቹ በቀን 1,800 ያህል እርምጃ እንደሚያስጨምሩና ክብደትን በአማካይ በአንድ ኪሎ እንደሚቀንሱ ደምድሟል።

ያን ያህል ተራምዶ አንድ ኪሎ ብቻ መቀነስ ለምን? ከፊል መልሱ ከታንዛኒያ ይመጣል። በአደንና በፍራፍሬ ለቀማ የሚኖሩት ሐድዛዎች ቀኑን በእግራቸው ይውላሉ። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ የሰውነት መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ ሐድዛዎቹ በቀን የሚያወጡት ጉልበት ከምዕራባውያን ብዙም እንደማይለይ ታየ። ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ በእንቅስቃሴ ካወጣው ከፊሉን በሌላ በኩል የሚቆጥብ ይመስላል። እግር ጉዞ ልብን፣ ስኳርን፣ ግፊትንና መንፈስን ይጠብቃል፤ የቀነሰ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ያግዛል። ኪሎውን በዋናነት የሚያወርደው ግን ማዕዱ ነው።

እንቅልፍም ከማዕዱ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ የቺካጎ ጥናት፣ ጥቂት የሚተኙ፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ 80 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ በሌሊት 1.2 ሰዓት ያህል እንቅልፍ የጨመሩት፣ አመጋገባችሁን ቀንሱ ሳይባሉ፣ ካልጨመሩት ጋር ሲነጻጸሩ በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ። እንቅልፋቸው የተለካው ቤታቸው ውስጥ፣ አንጓቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ ነበር። በሙቀትና በምርቃና እንቅልፍ ለሚያጣ ከተማ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

«ስኳርም ይለካል»

አንዳንድ ርካሽ ሰዓቶች «ያለ መርፌ የደም ስኳር ይለካሉ» ተብለው ይሸጣሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ቆዳ ሳይበሳ ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንዳልፈቀደ አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር አምኖ የሚወስደውን መጠን ቢቀይር ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን ምክር ለምታውቁት የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ አድርሱልኝ።

እንዴት እንጠቀምበት?

ለመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ ሰዓቱን ብቻ ይሰሩ፤ የሚያገኙት አማካይ የእርምጃ ቁጥር የእርስዎ መነሻ ነው። 3,500 ከሆነ ግብዎ 10,000 ሳይሆን 4,500 ይሁን፤ ሲለምዱት ይጨምሩ። ራስዎን ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከራስዎ ካለፈው ሳምንት ጋር ያወዳድሩ፤ ሰዓቱ ቢስት እንኳ በአብዛኛው በሁለቱም ሳምንት በተመሳሳይ መንገድ ይስታልና። የካሎሪውን ገጽ ይተዉት፤ በተለይ «ይህን ያህል አቃጥያለሁ» ብለው ምግብ አይጨምሩበት። መንገዱን በጠዋት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይያዙት። ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቁርስ ሳይበሉ ይበቃል። ማሰሪያውን በየቀኑ ያጥቡት፤ ላብ የተጠራቀመበት ቆዳ ይቆጣል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

እኚያን እናት ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ከዚራ አገኘኋቸው። ስለ ካሎሪ አላነሱም። ስልካቸውን ከፍተው የቀኑን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ሥዕል አሳዩኝ፦ ጠዋት ላይ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ዘንጎች፣ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ድረስ ግን ባዶ። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስባክን የምውል ይመስለኝ ነበር» አሉ። አሁን 11 ሰዓት ላይ፣ ጥላው ሲረዝም፣ ለራት የሚሆነውን ለመግዛት ባጃጁን ትተው በእግራቸው ቀፊራ ይወርዳሉ። የሻያቸውን ስኳር ደግሞ ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ አውርደዋል፤ እሱን ሰዓቱ አልነገራቸውም፣ ራሳቸው ቆጥረው ደረሱበት።