የጎልፍ ሥነ ምግባርና የገና ጨዋታ ለታዳጊዎች ጠባይ ግንባታ

ስፖርት ለታዳጊዎች መልካም ሥነ ምግባር ያስተምራል የሚለው አባባል በየመድረኩ የሚሰማ ነው። እንዴት ያስተምራል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተድበሰበሰ ነው። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአጠቃላይ እንደሚያሳዩት ጨዋታ በራሱ ጠባይ አያርምም፤ ያለ ሥርዓት ከተመራ ማጭበርበርን፣ ቂምንና ድብድብንም ሊያስተምር ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የጨዋታው አደረጃጀትና የሚመራው አዋቂ ሰው ነው።

ይህንን ጥያቄ በግልጽ ለመመለስ ከሞከሩት የስፖርት ዓይነቶች አንዱ ጎልፍ ነው። ጎልፍ በኢትዮጵያ በአብዛኛው በአዲስ አበባ በሚገኙ ጥቂት ሜዳዎች የተወሰነ ጨዋታ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በእንግሊዝ ኤምባሲ ቅጥር ግቢ የሚገኘው ይጠቀሳል። ሆኖም የጨዋታው የማስተማሪያ ዘዴ፣ የጎልፍ ሜዳ ሊኖራቸው በማይችሉ እንደ መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አካባቢዎችም፣ ኅብረተሰቡ ከሚያውቀው የገና ጨዋታ ጋር ተጣጥሞ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነው። ይህ ጽሑፍ የዘዴውን ምንነትና ለትምህርት ቤቶች ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም ለማብራራት ይሞክራል።

ጎልፍ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በስኮትላንድ ሲዘወተር የኖረ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ምክር ቤት ወጣቶች የቀስት ልምምዳቸውን እየተዉ በእግር ኳስና በጎልፍ ጊዜያቸውን ያጠፋሉ በሚል ሁለቱንም ጨዋታዎች በሕግ ከልክሎ ነበር። እገዳው ጨዋታውን አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1744 በኤዲንብራ አቅራቢያ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች 13 አንቀጾች ያሉትን የመጀመሪያ የጽሑፍ ደንብ አወጡ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1904 በኦሊምፒክ ከተካሄደ በኋላ ለ112 ዓመታት ተቋርጦ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ተመልሷል።

በጎልፍ ጨዋታ ተጫዋቹ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ በዘንግ እየመታ በሜዳው ላይ በተዘጋጁ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በቅደም ተከተል ያስገባል። በመደበኛው ውድድር አሸናፊ የሚሆነው በጥቂት ምቶች የጨረሰው ነው። ጨዋታውን ከሌሎች ስፖርቶች የሚለየው በአብዛኛው ተጫዋቹን እየተከተለ የሚቆጣጠር ዳኛ የሌለው መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ምቱን ራሱ ይቆጥራል፣ ጥፋት ቢፈጽም ቅጣቱን ራሱ ይመዘግባል፣ በመጨረሻም አብሮት የተጫወተው ሰው ያረጋገጠለትን የውጤት ካርድ ፈርሞ ያስረክባል።

ለዚህ አሠራር በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካዊው ተጫዋች የቦቢ ጆንስ ነው። ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1925 በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ኳሱን ለመምታት ሲዘጋጅ ኳሱ በጥቂቱ በመንቀሳቀሱ፣ ሌላ ሰው ባያየውም በራሱ ላይ የአንድ ምት ቅጣት አስመዝግቧል። ውድድሩ በእኩል ውጤት ተጠናቆ በተካሄደው የመለያ ጨዋታም በአንድ ምት ተሸንፏል። ያቺ ቅጣት ባትመዘገብ ኖሮ የመለያ ጨዋታ ሳያስፈልግ ዋንጫው የእርሱ ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጎልፍ ደንብ ከተጫዋቹ የሚጠበቀውን ምግባር በሦስት ነጥቦች ያጠቃልላል። የመጀመሪያው ታማኝነት ሲሆን፣ ደንቡን መከተል፣ ቅጣትን መቀበልና ሐቀኛ መሆን ማለት ነው። ሁለተኛው ለሌላው ማሰብ ነው፤ ጨዋታን አለማጓተትን፣ ሌላው ሲመታ አለመረበሽንና የሰውን ደኅንነት መጠበቅን ያካትታል። ሦስተኛው ሜዳውን መንከባከብ ሲሆን፣ በምት የተነሣውን ሣር መመለስንና የተረገጠውን አሸዋ ማስተካከልን ይጠይቃል።

እነዚህን ነጥቦች ለታዳጊዎች ለማስተማር የተቋቋሙ ድርጅቶች በልዩ ልዩ አገሮች ይገኛሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ፈርስት ቲ የተባለው ድርጅት ሐቀኝነትን፣ ለእውነት መቆምን፣ የስፖርት ጨዋነትን፣ አክብሮትን፣ በራስ መተማመንን፣ ኃላፊነትን፣ ጽናትን፣ ትሕትናንና አስተውሎ መወሰንን ዘጠኝ እሴቶች ብሎ በመለየት ከጨዋታው ጋር አዋሕዶ ሲያስተምር ቆይቷል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው ጎልፍ ፋውንዴሽን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቀላል የፕላስቲክ መምቻና ለስላሳ ኳስ በመጠቀም ልጆችን የሚያለማምድ ዘዴ አስፋፍቷል። የሁለቱም ተሞክሮ የሚያሳየው ትምህርቱ ዋናውን የጎልፍ ሜዳ የግድ የማይጠይቅ መሆኑን ነው።

ይህ ነጥብ ለደቡብ ወሎ ደጋ ወሳኝ ነው። አንድ ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ በአብዛኛው ከ50 ሄክታር ያላነሰ መሬት ይወስዳል። በአገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች የአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ሜዳው የ50 ያህል አባወራዎችን መሬት ይፈልጋል ማለት ነው። ሣሩን ዓመቱን ሙሉ ለማልማት የሚያስፈልገው ውኃም ሲታከልበት፣ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ሰላምም ሆነ በአጎራባቾቿ በአማራ ሳይንት፣ በመሐል ሳይንት፣ በወግዲ፣ በከለላና በለጋምቦ ወረዳዎች የጎልፍ ሜዳ ማሰብ የማይመስል ነው። ዱላና ኳስ ግን ለደጋው ሕዝብ እንግዳ አይደሉም።

የገና ጨዋታ ጫፉ በታጠፈ ዱላ፣ ሩር ወይም ጥንግ የምትባል ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራች ክብ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት የቆየ ባህላዊ ጨዋታ ነው። የመኸሩ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በተለይም ከታኅሣሥ 29ኙ የልደት በዓል ጋር ተያይዞ ይዘወተራል። እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በዱላቸው ተጫውተዋል የሚለው ትውፊትም ለስያሜው ምክንያት ሆኖ ይነገራል። በባህላዊው አጨዋወት የተጫዋቹ ቁጥርም የሜዳው ስፋትም በስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎች ባህላዊ ስፖርቶች ጋር በደንብ እንዲመራ አድርጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ያወዳድራል።

በገና ጨዋታ ጌታ በአገልጋዩ ላይ አይቆጣም የሚለው የቆየ አባባል ጨዋታው የራሱ ሥነ ምግባር ያለው መሆኑን ያመለክታል። በሜዳው ላይ ባለሥልጣንና ተራ ሰው እኩል ሲሆኑ፣ የተመታም ቂም እንዳይዝ ይጠበቅበታል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ዱላ ወደ ላይ እየተነሣ ሲወርድ እግር፣ ጥርስና ዓይን ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ በመንደርና በመንደር መካከል የሚደረግ ፉክክርም አንዳንድ ጊዜ ወደ ጠብ ይለወጣል። ሴቶች ልጆች ደግሞ በልማድ ከጨዋታው ውጭ ሆነው ቆይተዋል። በመሆኑም ትምህርት ቤቶች ጨዋታውን እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ በጎልፍ ሥርዓት ገርተው ቢያስተምሩት የተሻለ ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በቀላሉ የሚገኝ ነው። 40 ተማሪዎች ላሉት ክፍል 10 ዱላና 10 ጥንግ ይበቃል። ጥንጓ ከእንጨት ሳይሆን ከጨርቅ ወይም ከለስላሳ ቆዳ ብትሠራ የሚደርሰውን ጉዳት ትቀንሳለች። ተማሪዎቹ በአራት በአራት ይመደባሉ፤ አንዱ ይመታል፣ ሁለተኛው ምት ይቆጥራል፣ ሦስተኛው በአካባቢው ሰው አለመኖሩን ያረጋግጣል፣ አራተኛው ተራውን ይጠብቃል። ከዚያም ሥራ ይቀያየራሉ። ዱላ ከወገብ በላይ አይነሣም፤ ከሚመታው ተማሪ አምስት እርምጃ ሳይርቁ መቆምም ክልክል ይሆናል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዒላማ መምታት ነው። በድንጋይ የተከበበ ክብ ተሠርቶ ከ5፣ ከ10 እና ከ15 እርምጃ ርቀት ጥንጓን በክቡ ውስጥ ማሳረፍን ይጠይቃል። ታዳጊው በዚህ ጊዜ ጉልበት ብቻውን እንደማይጠቅም ይረዳል፤ አብዝቶ የመታ ከክቡ ያልፋል። አቋቋምን ማስተካከል፣ ዓይንን ከጥንጓ አለማንሣትና ምትን መመጠን የሚባሉት የጎልፍ መሠረታዊ ክህሎቶች የሚለመዱት በዚህ ነው።

ሁለተኛው ዘጠኝ ጣቢያዎች ያሉት ጉዞ ነው። ሰብል በተነሣበት ማሳ ወይም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዘጠኝ የድንጋይ ክቦች ይዘጋጃሉ። የግጦሽ ከብት እግሩን እንዳይሰብር ጉድጓድ አይቆፈርም። ተማሪው ከአንዱ ክብ ወደ ቀጣዩ በጥቂት ምት ለመድረስ ይሞክራል፤ ምቱንም ራሱ ይቆጥራል። ጉዞው ሲያልቅ የእርሱና የቆጣሪው ቁጥር ይመሳከራል። ልዩነት ከተገኘ ወደ መምህሩ ከመሮጥ በፊት ሁለቱ ተነጋግረው መስማማት ይኖርባቸዋል። ጨዋታው ካበቃ በኋላም ድንጋዮቹን ሰብስቦ ማሳውን እንደነበረ መመለስ የጨዋታው አካል ነው። የአርሶ አደሩን ማሳ በድንጋይ ሞልቶ የሄደ ቡድን ቢያሸንፍም ምት ይጨመርበታል።

ሦስተኛው በጎልፍም የሚታወቀው ተራ ምት ነው። ሁለት ተማሪዎች አንዲት ጥንግ በየተራ ይመታሉ። አንዱ ያበላሸውን ሌላው ማቃናት ስለሚኖርበት ጓደኛን መውቀስ ጥቅም እንደሌለው በተግባር ይታያል። ወንድና ሴት ተማሪዎችን፣ ጎበዙንና ጀማሪውን፣ የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ልጅ ማጣመርም በዚሁ ጨዋታ ቀላል ይሆናል። ሁለቱ እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በወሎ ጨዋታውን ከበዓሉ ሥርዓት ለይቶ እንደ ትምህርት ቤት ስፖርት ማቅረቡ ሁሉም ልጅ እንዲሳተፍ ይረዳል።

ሦስቱን ከለመዱ በኋላ ተማሪዎቹ ወደ ቡድን ገና ሊሸጋገሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ዱላ ከወገብ በላይ ያነሣ ተማሪ ዳኛ ሳይጠራው ራሱ ከሜዳ ይወጣል፤ ቡድኑ አንድ ነጥብ እስኪቆጠር ድረስም አይመለስም። ጥፋቱን ራሱ ያመነ ተማሪ በጓደኞቹ እንዳይዘለፍ መምህሩ ከመጀመሪያው ማስገንዘብ ይኖርበታል። ሐቀኛው ልጅ ሞኝ ተብሎ ከተሳቀበት ሌሎቹ የሚማሩት መደበቅን ነው።

የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ ለማሟሟቂያና ለደኅንነት ማስገንዘቢያ፣ 20 ደቂቃ ለጨዋታ፣ 10 ደቂቃ ለውይይት ሊከፈል ይችላል። የመጨረሻው 10 ደቂቃ የሚዘለል መሆን የለበትም። ማንም ያላየው ምት ነበር ወይ? ሲቆጣ ራሱን የገታ ማን ነው? ሜዳውን በምን ሁኔታ ትተነው ሄድን? የሚሉ ጥያቄዎች ጨዋታውን ከግብረ ገብና ከዜግነት ትምህርት ጋር ያገናኙታል። መምህሩም የተማሪውን ጠባይ በነጥብ ከመመዘን ይልቅ በዓይን የሚታየውን፣ ማለትም ተራ መጠበቁን፣ በትክክል መቁጠሩንና ዕቃ መመለሱን ቢመዘግብ ይመረጣል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተካሄደው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውና ብዙ ታዳጊዎች ከትምህርት ገበታ መራቃቸው ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያደገ ልጅ ዱላ ይዞ ከእኩዮቹ ጋር ቆሞ፣ ተቆጥቶም ሳይመታ፣ ተሸንፎም ቃሉን ሳያጥፍ መዋልን መለማመዱ ትንሽ ትምህርት ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም። በእርግጥ ጨዋታ የተዘጋን ትምህርት ቤት አይከፍትም፣ የተጎዳንም ልጅ ብቻውን አያክምም። ትምህርት በሚሰጥበት ሁሉ ግን ያለ ብዙ ወጪ ሊጀመር ይችላል።

ከዚህ አንጻር የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጨዋታው በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጥ መፍቀድና መምህራንን ለጥቂት ቀናት ማሠልጠን ይጠበቅባቸዋል። የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የባህል ስፖርት ደንቡን ለትምህርት ቤቶች ማዳረስ፣ የቀበሌ አስተዳደሮችም ከማሳው ባለቤቶች ጋር ተነጋግረው ሜዳ ማመቻቸት ይችላሉ። ለዱላ ሥራ ከደን ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በተለይም በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ ቀበሌዎች ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። ጨዋታውን የሚያውቁ የአገር ሽማግሌዎች በየትምህርት ቤቱ ተጋብዘው የቀድሞውን ሥርዓት ቢያስረዱም ለመምህሩ ጥሩ አጋዥ ይሆናሉ።

የሥራው ውጤት የሚለካው በተገኘው ዋንጫ ብዛት አይደለም። ዳኛ በሌለበት ምቱን በትክክል የሚቆጥርና ማሳውን እንዳገኘው የሚመልስ ታዳጊ፣ ነገ የሕዝብ ገንዘብና ንብረት በአደራ ሲሰጠው አድራጎቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ለጉዳዩ ትኩረት መስጠት የሚገባቸው ከዚሁ የተነሣ ነው።